ቀኑን ሙሉ ስሰድብና ስሰደብ ውዬ ሰው መውደድ አቃተኝ

የመናኸሪያዋ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

31 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። መናኸሪያ ስምሪት ላይ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። መኪና እመዘግባለሁ፣ ተራ እሰጣለሁ፣ መውጫ እቆርጣለሁ። ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ያቺን ቢሮ ተብዬ ቆርቆሮ ስከፍት ቁልፉ እጄ ላይ ሊጣበቅ ምንም አይቀረው። በዚህ በኅዳር ውርጭ እስክሪብቶ አይጽፍም፤ ብብቴ ሥር ይዤ አሙቄው ነው የመጀመሪያውን ታርጋ የምመዘግበው። ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን ወርዶ አየበት በተባለ ከተማ ተቀምጬ በዚያ ሰዓት የማየው ብርሃን የረዳቶቹን የስልክ መብራት ብቻ ነው።

ከዚያ ይጀመራል። ሾፌሩ «ተራዬን ሸጥሽብኝ» ይላል። ተሳፋሪው «ከታሪፍ በላይ ሲያስከፍሉን ዝም የምትይው ብትካፈይ ነው» ይላል። የሰላ ድንጋይ መኪና ጎማው ፈንድቶ ቢዘገይ አንድ አባት «ልጅ አይውጣልሽ» ብለው ረግመውኛል፣ ጎማውን እኔ የነከስኩት ይመስል። መንገድ ተዘጋ ሲባልማ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እኔም ታዲያ ዝም አልልም። በመጀመሪያው ዓመት አለቅስ ነበር፣ በሁለተኛው መልስ መስጠት ለመድኩ፣ አሁን ቀድሜ ነው የምናገረው። መስኮቱ ላይ ፊት ብቅ ሲል፣ ምን እንደሚፈልግ ሳልሰማ «ተራህን ጠብቅ!» እላለሁ።

ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ቡና ላይ ናት። ማን ተፋታ፣ የማን ልጅ መጠጥ ጀመረ፣ ዘይት ስንት ገባ። ወሬው ሲያልቅባቸው ወደ እኔ ይዞራሉ። አንዷ «እቺስ?» ትላለች። ሌላዋ «ዓይነ ጥላ ነው እንጂ ምን ጎድሏት» ትላለች፣ እኔ እዚያው ቆሎ እየዘገንኩ። እናቴ ፃድቃኔ ማርያም ሱባዔ ካልገባሽ ብላ ነዝንዛኝ በ2015 ሄጄ ነበር። ውሸት አልናገርም፣ በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ መሬት ላይ እንደዚያ ሳምንት የተኛሁት እንቅልፍ የለም። ማክሰኞ ሥራ ገባሁ፣ ረቡዕ ማታ አለቀ።

ጸሎቱም እንዲሁ ሆኗል። በሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፣ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነው። አሁን ቅዳሴ ቆሜ ሰው እቆጥራለሁ። ሙያ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ። በዚህ ረድፍ አሥራ ሁለት፣ በዚያኛው አሥራ አራት፣ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል እኔ ትርፍ የጫነ ረድፍ እየፈለግሁ ነው። አትሳቁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከመናኸሪያው በር አጠገብ የሚሠራ ጎሚስታ አለ። ብዙ አያወራም። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ንጋት ፍም የሞላ ጣሳ አምጥቶ በሬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይል ሄደ። በማግስቱም አመጣ። ጣሳው የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ግን ይሞቃል። አሥራ ምናምን ቀን እንደዚህ አደረገ። መናኸሪያው በሙሉ ነገሩ ገብቶታል፤ እኔ ግን «ይሄ ሰውዬ ምን ሊያስፈጽም ነው?» እያልኩ ነበር የምጠብቀው። ያለ ጉዳይ ወደ መስኮቴ የሚመጣ ሰው አላውቅማ።

ባለፈው ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። እጁን ታጥቦ ነበር። ይህን ልብ ያልኩት በኋላ ነው፤ ጎሚስታ ሆኖ ጥፍሩ ድረስ ነጽቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሽማግሌ ብልክ…» ሲል ቀና እንኳ ሳልል «ተራህን ጠብቅ!» አልኩት። ከኋላው የቆሙ ሦስት ሾፌሮች በሳቅ ፈነዱ። እሱ «እሺ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣሳው የለም።

ይቅርታ እንዴት ልበለው ብዬ ብቻ አይደለም የምጠይቃችሁ። ያን ቃል አስቤ አልተናገርኩትም። ሳላስበው የሚወጣው ግን እውነተኛው እኔነቴ ቢሆንስ? ስድስት ዓመት ስድብ የለመደ ጆሮ ደግ ቃል ሲመጣለት ለይቶ ያውቀዋል? እንዲህ ያለ ቦታ እየሠራችሁ እምነታችሁንም የሰው ፍቅራችሁንም ያላጣችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። «ሥራ ቀይሪ» የምትሉ እለፉኝ፤ የቤቱን ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ወንበር፦

ሥራ ቀይሪ።

ቀልዴን ነው። ግን በአንዲት ቃል የሄደ ሰው ድሮም አልነበረም በይው። ይለፍሽ።

የሥላሴ ባሪያ፦

ዓይነ ጥላ የሚቀለድበት ነገር አይደለም እህቴ። ትዳር በር ላይ ሲደርስ አፍሽን የከፈተው ማን ይመስልሻል? አንድ ሳምንት ገብተሽ ረቡዕ አለቀ ትያለሽ፣ ሱባዔ እንደ ሞባይል ካርድ አይሞላም። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደሽ በደንብ ተጠመቂ። ስግደት አትርሺ።

ነርሷ ከሸዋ ሮቢት፦

በፀበል አምናለሁ፣ አስቀድሜ ልናገር። ሁሉን ነገር ዓይነ ጥላ ማለት ግን ልጅቱን ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው። አንዴ በሥራዋ ደክማለች፣ እንደገና ደግሞ «ያለብሽ ነገር አለ» ትባላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ እነዚህን ልጠይቅሽ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ያለምክንያት ሌሊት ትነቂያለሽ? ምግብ ይበላልሻል? ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ዛሬም ደስ ይልሻል? ሐዘኑ ወይም ምንም አለመሰማቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አብዛኛውን ቀን ከቆየብሽ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂና ንገሪያቸው። መኖር የሚያስጠላሽ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ድብርት በሽታ ነው፣ የጸሎት ማነስ አይደለም። ከአጻጻፍሽ ስገምት መሳቅ አልተውሽም፤ ያ ለእኔ ደግ ምልክት ነው፣ ግን ሰው በጽሑፍ አይመረመርም።

ፀበልና ክኒን ለምታጣሉ አንድ ነገር ልጨምር። ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም አለበት። ፀበል ስናስገባው «እምነት ከጎደለህ አትድንም» ብለን ክኒኑን ያስጣልነው እኛ ቤተሰቦቹ ነን፤ እኔም ነርስ ሆኜ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ልብሱን ጥሎ መንገድ ሲወጣ ይዘነው ተመለስን። ጥፋቱ የፀበሉ አልነበረም። አሁን ጠዋት ጠዋት ፀበሉን በኩባያ ይቀዳና ክኒኑን በዚያው ይውጠዋል። የንስሐ አባታችንም ያውቃሉ።

ጡረተኛው መምህር፣ መሐል ሜዳ፦

ልጄ፣ «ሳላስበው የሚወጣው እውነተኛው እኔነቴ ቢሆንስ» ያልሽው ላይ ቆም ብዬ ልመልስልሽ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። በደህናው ዘመን እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ነበረኝ። ካገባሁ በስድስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ባለቤቴ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ ስለ እናቷ ሕመም ስትነግረኝ ጠመኔ የያዝኩ መሰለኝና «ዝም! እጅሽን አውጪና ተናገሪ!» አልኳት። በእውነት አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ለመሆኑ እኔ ስንተኛ ክፍል ነኝ?» አለችኝ። አርባ ዓመት ሆኖናል፣ ዛሬም ስንጣላ «ስንተኛ ክፍል ነኝ?» ትለኛለች። ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። አፍ ቀን የዋለበትን ይዞ ይገባል። በሬ ቀንበሩ ቢፈታለትም ትንሽ መንገድ አንገቱን አቀርቅሮ ነው የሚሄደው፣ አላየሽም?

እኛ አገር ጓሳ አለ። ያለፍሽበት እንደሆነ ሣሩን አይተሻል፣ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት። አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር (የድሮውን የመንዝን ነው የምላችሁ፣ ስሙ እንዳያምታታችሁ)። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ከብትም ማጭድም አይገባም። ሲከፈት ሁሉም ይገባል፣ ያጭዳል፣ ያግጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰና የሆነውን እኛ በዓይናችን አየን። ዛሬም ማኅበረሰቡ እንደገና ይዞት ነው ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የሚታየው። እንግዲህ አባቶች ሣሩን «አትበሉ» አላሉም፤ «አሁን አትበሉ» ነው ያሉት።

እኔና ባለቤቴ ከዚያ ወስደን ያደረግነው እንዲህ ነው። አቦል እስኪጠጣ ድረስ በእኛ ቤት የሰው ስም አይነሳም። የርእሰ መምህሩም፣ የጎረቤቱም፣ የመንግሥትም፣ የልጆቻችንም። ስለ ራስሽ ብቻ ማውራት ትችያለሽ፤ ከሌለሽ ዝም ትያለሽ። ቶና ላይ እንደልብሽ፣ እኔም የወረዳውን ሰዎች አንድ በአንድ እዘረጥጣቸው ነበር። ከእናትሽ ጋር ሞክሪው። እናትሽ መንዜ ከሆኑ እምቢ ይላሉ፣ አትቸኩይ።

ጸሎቱን በተመለከተ ረጅሙን ተይው። ዳዊት 140 ላይ «ለአፌ ጠባቂ አኑር» የምትል አለች። ቁልፉን ስትከፍቺ እሷን ብቻ በይ። እስክሪብቶው እስኪሞቅ ትበቃለች።

ባለሱቁ፣ አልዩ አምባ፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጣልቃ ገባህ ካላላችሁኝ። ሱቅ አለኝ። ዱቤ የወሰደ ሁሉ ሊከፍል ሲመጣ የሚሰድበኝ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በረመዳን አንድ ነገር አለን። ሰው ሲሰድብህ ወይ ሊጣላህ ሲመጣ «እኔ ጾመኛ ነኝ» በለው ተብለናል። ድሮ ለሰውዬው የሚባል ይመስለኝ ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ ሳየው ግን ለራሴ ነው የምለው፣ አፌ ሌላ ቃል እንዳይዝ በዚያ እይዘዋለሁ። ረመዳን ሲወጣ ደግሞ ያው ወደ ድሮዬ እመለሳለሁ፣ አልዋሽሽም። የእናንተ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል አይደል? እስከ ገና ስትሞክሪው አንድ ወር ከምናምን ታገኛለሽ።

የአንኮበሯ፦

ሁላችሁም ስለ ነፍሷ ስታወሩ ሰውየውን ረሳችሁት።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ፣ አርባ ሁለት ዓመቴ፣ አንድ ጊዜ አግብቼ ፈትቻለሁ። የቀድሞ ባሌ መካኒክ ነበር፣ ስለዚህ ስለዚህ ነገር ትንሽ አውቃለሁ። የኔ እህት፣ ከጎሚስታ አጠገብ ስድስት ዓመት ሠርተሻል። የዛገ ብሎን እምቢ ሲለው ምን ያደርጋል? የኔው ቺያቤውን ወርውሮ የመኪናውን ባለቤት ይሰድብ ነበር፣ ማታ ቤትም ያው ነበር። ይሄኛው ዘይት አርከፍክፎ ሌላ ሥራ እየሠራ የሚጠብቅ ከሆነ ሌላ ምስክር አትፈልጊ። ያን ሳታዪ ግን ፍም በጣሳ አመጣልኝ ብለሽ አትንሰፍሰፊ። ፍም ያው ርካሽ ነው።

ይቅርታውን በስልክ እንዳትዪ። ሰውም አትላኪ። በሦስት ሾፌር ፊት ያዋረድሽውን በሦስት ሾፌር ፊት ነው የምትክሺው። ደግሞ «ተናድጄ ነው፣ ደክሞኝ ነው» የሚል ወሬ አታብዢ፣ ወንዶች መሐል ላይ ይጠፋቸዋል።

ለ«ሦስተኛ ወንበር»፦ ሰውየው «እሺ» ብሎ ነው የሄደው። ያኮረፈ ሰው እሺ አይልም።

ሦስተኛ ወንበር፦

እሺ።

የመናኸሪያዋ፦

ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ የመምህሩን ሁለት ጊዜ።

እህቴ ነርሷ፣ እንቅልፌ ደህና ነው፣ ምግብም እበላለሁ፣ እንዲያውም ከልክ በላይ። ጥያቄዎችሽን ግን ለአንዲት ትኬት ቆራጭ ጓደኛዬ አነበብኩላት። ሦስተኛው ላይ ማልቀስ ጀመረች። ሰኞ አብሬያት ሆስፒታል ሄጄ ተራ ያዝን። ተራ መጠበቅ እንዲህ ያስጠላል እንዴ?

የአቦሉ ነገር። እናቴ ከመንዝ አይደለችም፣ የእነዋሪ ሰው ናት፣ ግን እምቢ አለች። «በገዛ ቤቴ አፌን ልታስሪ?» አለችኝ። ስኒ አጥባለሁ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብዬ ለመንኳት። እሑድ አራቱም ጎረቤቶች መጡ፣ ሕጉን ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ለካ ሌላ የሚያወሩት የላቸውም! ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማል፣ የእጣኑ ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እኛ እርስ በርስ እንተያያለን። በመጨረሻ ያቺ «ዓይነ ጥላ ነው» የምትለኝ ሴትዮ ስኒዋን እያየች «እኔን ጉልበቴን ያመኛል። ሌሊት ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነው። ልጆቼ እንዳይሰጉ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም» አለች። እናቴ ተነስታ ቅቤ አመጣች፣ እዚያው ቀሚሷን ገልጣ ጉልበቷን አሸችላት። አሥር ዓመት የማውቃት ሴትዮ ናት፣ ጉልበት እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ቶና ላይ ወደ ድሯቸው ተመለሱ፤ የእኔም ተራ ደረሰ። ግን «ዓይነ ጥላ» አላለችም፣ «ለእሷም ጊዜ አላት» ብላ አለፈችኝ።

ወንድሜ ባለሱቁ፣ ጾሙ እንደገባ ያንተን ሞከርኩ። አንድ የደብረ ሲና ሾፌር መስኮቴን ሲደበድበው «ጾመኛ ነኝ» አልኩት። «እኔም ጾመኛ ነኝ፣ መውጫዬን ስጪኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ምን ላድርግ።

ቅዳሴ ላይ አሁንም እቆጥራለሁ። የዳዊቷን ግን በየጠዋቱ እላታለሁ። እስክሪብቶው ቀድሟት የሞቀበት ቀን አለ።

አሁን የጠበቃችሁት። የአንኮበሯ፣ ያልሽውን ለማየት ሦስት ቀን ከመስኮቴ አንገቴን አውጥቼ ስሰልለው ሰነበትኩ። ብሎን እምቢ ሲለው ምንም አይልም። ዘይት ያንጠባጥብበትና ካላማዳሪ ሊለጥፍ ይሄዳል። ተመልሶ ይሞክራል። አንዴ ጨርሶ እምቢ ሲለው በመዶሻ ሲመታው አይቻለሁ፣ ግን ብሎኑን ነው የመታው።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ መስኮቴን ዘግቼ ሄድኩ። አንድ ቅጥቅጥ በክሪክ ተነስቶ እሱ ከሥሩ ተኝቷል፣ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ሦስት ሾፌር ፈልጌ ነበር፣ ሰባት ሆነው ቆመው አገኘኋቸው፣ ረዳቶቹን ሳልቆጥር። ጉሮሮዬ ደረቀ። መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ያን ቀን የተናገርኩህ ነገር ጥፋት ነው፣ ልጨርስልህ… ማለቴ አንተ ጨርስልኝ፣ ሳልሰማህ ነው» አልኩ። አፌ ተሳስሮ ምን እንዳልኩ እኔም አልገባኝም።

ከመኪናው ሥር ድምፁ ወጣ፤ «ተራሽን ጠብቂ።»

ሰባቱም ሳቁ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ግሪስ የነካ እጁ ወጣና «ያቺን 19 ቁጥር ቺያቤ አቀብይኝ» አለ። አቀበልኩት። «ካንቺ በፊት ሁለት ጎማ አለ» አለኝ። ሲናገር እየሳቀ መሆኑ ከእግሩ ያስታውቅ ነበር።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ጠቆረ። አንዱ ረዳት «ስምሪቷ ተሰለፈች!» እያለ መናኸሪያውን ሲዞር ሰማሁት፣ ልሰድበው ብድግ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጎማ አለቀ። ሁለተኛው ላይ ብሎኑ እምቢ ብሎት ዘይት እያንጠባጠበ ሳለ የመሐል ሜዳው ዶልፊን ያለ መውጫ ሊወጣ ነው ተብሎ ጠሩኝ፣ ሮጥኩ።

ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ወረፋዬን እንዳያስበላብኝ ያንን ረዳት አደራ ብዬዋለሁ።